አማቴ ፌርፋክስን ሲተምኑ

እንግሊዝኛ ጨርሶ የማይችል ሰው ማንንም ጎድቶ አያውቅም። ይስቃል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ "የስ፣ የስ" ይላል፣ በሰላም ቤቱ ይገባል። አሳምሮ የሚችለውም ጉዳት የለውም። ከተማ የሚያምሰው በግማሽ የሚችለው ነው! እሱን ያያችሁ ጊዜ መንገድ ቀይሩ። እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ሐበሻ በሞላበት ፌርፋክስ ላይ፣ እኔን ስታዩ መንገድ የምትቀይሩ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ... አልቀየምም፣ ልክ ናችሁ።

እኔ አገር ቤት ሳለሁ ሁለት ዓመት ሙሉ አምስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። በዚች ሰበብ የሠፈሩ መዝገበ ቃላት ሆኜ ተሾምኩ። ከኢንሹራንስ ደብዳቤ የመጣለት፣ ከልጁ ትምህርት ቤት ወረቀት የተላከለት፣ ሁሉም "ቲቸር፣ እስቲ ይቺን እያት" ይለኛል። አያለሁ። ያልገባኝንም አያለሁ። በስልክ የሚጠሩት መኪኖች የታክሲያችንን እንጀራ መቆንጠር የጀመሩ ሰሞን ታክሲዬን ሸጬ ዌስትውድ አንድ ፓርኪንግ መኪና አቋሚ ሆኜ ገባሁ፤ ሹመቴ ግን አልተነሳም።

አሁን ወደ አማቴ ልውሰዳችሁ። እትዬ ውድነሽ ይባላሉ። መርካቶ በርበሬ ተራ ሠላሳ ዓመት የነገዱ ሴት ናቸው። ጆንያው ሳይፈታ፣ በአፍንጫቸው ብቻ "ይሄ የማረቆ ነው፤ ያኛው ዝናብ መትቶታል" ብለው ዋጋ ይቆርጡ ነበር አሉ። የጎረቤት ነጋዴ ሁሉ ጠዋት ጠዋት የሳቸውን አፍ ሳይሰማ ዋጋ አይጠራም ነበር ይባላል። (ይባላል ያለችኝ ልጃቸው ናት፤ እኔ ሌላ ምስክር የለኝም።) ይሄን ሁሉ ሙያ ይዘው ሎስ አንጀለስ ቢመጡ... ዋጋው ዕቃው ላይ ተለጥፎ ጠበቃቸው!

የመጡ ሰሞን ግሌንዴል አንድ ሱቅ ጫማ ልንገዛላቸው ወሰድናቸው። ሻጯ "ፎርቲ ናይን" አለች። እትዬ ውድነሽ ጫማውን አገላበጡ፣ ሶሉን ቆነጠጡ፣ በአማርኛ "ሃያ!" አሉና ፊታቸውን አዙረው ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ። መርካቶ ቢሆን ሦስት እርምጃ ሳይሄዱ "ኧረ ይምጡ እናቴ!" ይባላሉ። በሩ ጋ ደረሱ። ዘወር ብለው አዩ። ልጅቷ ጫማውን ወደ ካርቶኑ እየመለሰች "ሃቭ ኤ ናይስ ደይ!" አለቻቸው። መኪናው ውስጥ ቀበቶ ሳስርላቸው፣ ቀስ ብለው፣ "አልጠራችኝም እኮ..." አሉ።

ከዚያ ወዲህ ዝምተኛ ሆኑ። ባለቤቴ ሰብለ ጨነቃትና የአዋቂዎች እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት አስመዘገበቻቸው። ጠዋት ጠዋት ደብተራቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይሄዳሉ፤ መጥተው ደግሞ ያጠናሉ። "አፕል፣ ቴብል፣ ዊንዶው..." ያለ ፍላጎት፣ እንደ መድኃኒት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኳስ እያየሁ ነው። ሰብለ አራስ ናት፤ ልጃችን ሠላሳ ሁለተኛ ቀኑን ይዞ ከእናቱ ጋር ተኝቷል። እትዬ ውድነሽ አጠገቤ መጥተው ወረቀት ዘረጉልኝ።

"ልጄ፣ የቤት ሥራ ነው። መምህሯ ለአምስት ሰው ፊት ለፊት ነግራችሁ ጻፉ ብላናለች። ቃሏን ግን አልያዝኳትም። ይቺ ምንድን ናት?"

በአንድ ዓይኔ አየሁት። "አይ ቫልዩ" ይልና ባዶ መስመር፤ "ቢኮዝ" ይልና ባዶ መስመር። አምስት ጊዜ። ከላይ በደቃቅ ፊደል ማብራሪያ ነበረው። አላነበብኩትም። ሰማንያ ሰባተኛው ደቂቃ ነው፤ አንድ ለአንድ! ፍረዱኝ!

"ቫልዩ ማለት ተመነ፣ ዋጋ አወጣ ማለት ነው" አልኳቸው።

"ዋጋ አወጣ?" ድምፃቸው ተለወጠ። "ይቺ ቢኮዝስ?"

"ምክንያቱም።"

"እና ሰው ላይ ነው የሚባለው? ሰው ይተመናል እንዴ እዚህ አገር?"

"እትዬ፣ እዚህ አገር የማይተመን ነገር የለም!" አልኩ፤ የፈላስፋ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ። ወዲያው ጎል ገባ። እኔ ዘለልኩ። ዞር ስል እትዬ ውድነሽ የሉም። ነጠላቸውም፣ ደብተራቸውም የሉም። ከመጡ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ጎትጓች ከቤት ወጥተው የማያውቁ ሴት!

"ጎሽ፣ ተፍታቱ" ብዬ ደስ እያለኝ ሥራ ገባሁ። ተንጋለው ቢተፉ ተመልሶ ባፉ የሚሉት ለካ እንዲህ ላለው ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም የአንዱን መኪና ፓርክ አድርጌ ስወርድ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ይልማ ናቸው። ጋሼ ይልማ ፌርፋክስ ላይ የሬስቶራንት ባለቤት ናቸው፤ በሚቀጥለው እሑድ ልጃችን አርባ ቀኑ ነው፣ ክርስትና ይነሳል። ድግሱ ደግሞ በሳቸው ሬስቶራንት የጀርባ አዳራሽ፣ አንድ ሳንቲም ሳንከፍል! ሰማንያ ሰው ጠርተናል። ሶ፣ ስልካቸውን የማነሳው ቆሜ ነው።

"አቤት ጋሼ!"

"ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ ስንት አወጣለሁ?"

"አልገባኝም ጋሼ..."

"ቀላል ጥያቄ ነው! እኔ ይልማ፣ ከነሱፌ፣ ከነክብሬ፣ ስንት አወጣለሁ?"

"ኧረ ጋሼ፣ ሰው እኮ... ሰው እኮ ዋጋ የለውም!"

"የለውም?! ይኸው! ነገሩ የቤተሰብ ነው ለካ!"

ለካስ አማቴ በምሳ ሰዓት፣ ደንበኛ ግጥም ብሎ ሳለ ገብተው፣ መሃል ቆመው፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ "አይ ቫልዩ ዩ፣ ስሪ ሀንድረድ ዶላር" ብለዋቸዋል።

"ጋሼ፣ ሦስት መቶ እኮ ጥሩ ነው..." አልኩ ላባብል ብዬ።

"ዘነበችንስ ስንት አሏት? አራት መቶ ሃምሳ!"

አሁን ገባኝ። ዘነበች ከጋሼ ይልማ ጋር ግድግዳ የምትጋራ የቅመማ ቅመም ሱቅ ባለቤት ናት። በኋላ በኩል ባለች አንዲት መኪና ማቆሚያ ሰበብ ስንት ዓመት ሙሉ "ደህና አደርክ?" ሲባባሉ እንኳ እየተገላመጡ ነው።

"በግድግዳው በኩል ስትስቅ ሰማኋት!" አሉ ጋሼ ይልማ። "መቶ ሃምሳ ዶላር የበለጠችኝ ሴት ሰማንያ ሰው ማስቀመጫ አታጣም። ክርስትናውን እሷ ጋ ደግሱ! ከቅርንፉዱና ከኮረሪማው መሃል!" ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

እስቲ አስቡት። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሳ። "አዳራሽ ስላጣን አርባ አምስት ይሁንልን" አይባል ነገር!

ከሥራ በጊዜ ወጥቼ ቤት ስገባ ሰብለ ልጁን እያጠባች አዳመጠችኝ። አልጮኸችም። ሴት ልጅ ሳትጮህ ስትቀር ነው መፍራት።

"ቫልዩ ምን ማለት ነው ብለህ ነገርካት?"

"ዋጋ ተመነ... ስህተት እኮ አይደለም! ዲክሽነሪ ላይ አለ!"

"ስንተኛ ክፍል ነበር ያስተማርከው?"

"አምስተኛ።"

"ልጆቹን እግዜር ይርዳቸው" ብላ ፊቷን ወደ ሕፃኑ መለሰች።

እትዬ ውድነሽ ግን ሳሎን ቁጭ ብለው ፊታቸው እንደ መስከረም ፀሐይ ፈክቷል። ስላስቀየሟቸው ሰዎች የሚያውቁት ነገር የለም። ልጆቼ፣ ይቺን ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትስቅ አላየሁም፤ "ስትስቅ" ማለቴ ራሱ ከደስታዬ ብዛት ነው፣ አንቱታውን አስረሳኝ!

"ፖስተኛውን ታውቀዋለህ?" አሉኝ። "ሬይን? ያን ረጅሙን? 'አይ ቫልዩ ዩ ቴን ዶላር' ብለው ምን አለኝ መሰለህ? 'ኦንሊ ቴን? ኖ፣ ኖ፣ ኖ! ትዌንቲ!' አለኝ እኮ!"

"እሺ..."

"እኔ 'ኢለቨን!' አልኩት። እሱ ደረቱን መታና 'ሉክ አት ሚ፣ ማማ! ኤይቲን!' አለ። ጀርባዬን ሰጥቼ መሄድ ጀመርኩ። 'ማማ! ማማ! ከም ባክ!' ... ጠራኝ ልጄ! ጠራኝ! በአሥራ አምስት ተስማማን፤ እጄን መትቶ ሄደ።"

ምን ልበላቸው? "እትዬ፣ ተሳስተዋል" ልበል? ደብተራቸውን ጠየቅኩ፤ ሰጡኝ። በዚያ እየተንቀጠቀጠ በሚጻፍ የእንግሊዝኛ ፊደላቸው አምስቱንም ሞልተዋል። ሬይ፣ አሥራ አምስት፤ ቢኮዝ "ሂ ፋይት ጉድ" ይላል። ዘነበች፣ አራት መቶ ሃምሳ፤ ቢኮዝ "ሺ አስክ ሚ።" ይልማ፣ ሦስት መቶ፤ ቢኮዝ "ቲ ፍሪ፣ ቶክ ኖ።" አራተኛው ሕፃኑ ልጄ ነው፤ ዋጋው ቦታ ላይ "ኖት ሴል" ተብሏል። አምስተኛው... እኔ ነኝ።

መቼም ሰው ነኝ፤ ከዘነበች በላይ እሆን ይሆን ብዬ ጓጓሁ። በቁጥሩ ቦታ ሰረዝ ብቻ። ቢኮዝ፦ "ኖ ሪተርን።"

"እትዬ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?"

"የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ማለት ነዋ" አሉ፤ ደግሞ እኮ ሳይስቁ! ከመኝታ ቤት የሰብለ ሳቅ ተሰማ። ቢያንስ ትዳሬ እንዳለ አረጋገጥኩ።

ነገሩን በልስላሴ ነገርኳቸው። ጋሼ ይልማ እንደተቀየሙ፣ አዳራሹን እንደከለከሉን። ፈገግታቸው ጠፋ። ነጠላቸውን አነሱ፣ ደብተራቸውን ያዙ፣ "ተነስ" አሉኝ። "ገበያ ላይ የተበላሸ ገበያ ላይ ነው የሚቃናው።"

ሬስቶራንቱ ስንደርስ የምሳው ሰው ሄዶ የራቱ አልመጣም። ጋሼ ይልማ ባዶ ወንበር መሃል እንደ ንጉሥ ተቀምጠዋል። አዩንና ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔ እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ቀደም አልኩ።

"ጋሼ፣ ቃሉ በዚህ አገባቡ መተመን አይደለም። ማክበር፣ ትልቅ ቦታ መስጠት ማለት ነው።"

"እና እኔን በሦስት መቶ፣ ዘነበችን በአራት መቶ ሃምሳ አከበሩን?"

"አይደለም፣ ቁጥር የለውም..."

"አሁን ደግሞ ቁጥርም የለኝም?"

"ማለቴ... ዋጋ አይወጣልዎትም!"

"አንተ ሰውዬ!" ብለው ሊነሱ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል... እኔ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አደረግኩት። እትዬ ውድነሽ ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱኝ።

"አንተ ዝም በል። እስከዛሬ የተናገርከው ይበቃል" አሉና ወንበር ስበው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። "ይልማ፣ ነጋዴ አይደለህ? ዋጋ ካልተስማማህ ትከራከራለህ እንጂ ታኮርፋለህ?"

"እትዬ፣ ስምዎ ውድነሽ፣ ተመንዎ ርካሽ!" አሉ ጋሼ ይልማ። "ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሻይ አስከፍዬዎታለሁ?"

"አላስከፈልከኝም። ጽፌልሃለሁ" ብለው ደብተሩን ገለጡላቸው። ጋሼ ይልማ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ወደኔ ዞሩ። "ቲ ፍሪ፣ ቶክ ኖ... ምንድን ነው?"

በዚያች ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠንቅቄ ተረጎምኩ። "ሻይ በነፃ ነው፤ ጨዋታ ግን የለም።"

ጋሼ ይልማ መስመሯን ደግመው አነበቧት።

"ስመጣ 'ለእማማ ሻይ ስጧቸው' ትላለህ" አሉ እትዬ ውድነሽ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። "ጥግ ታስቀምጠኛለህ። ሻዩን እጠጣለሁ፣ እሄዳለሁ። ሠላሳ ዓመት በርበሬ የነገድኩ ሴት መሆኔን ታውቃለህ፤ አንድ ቀን 'እትዬ፣ ይሄ በርበሬ እንዴት ነው?' ብለኸኛል? ዘነበች ትጠይቀኛለች። አዲስ ጆንያ በመጣ ቁጥር 'እትዬ፣ ስንት ያወጣል?' ትለኛለች። እኔ ሰው የምሆነው እዚያች ሱቅ ውስጥ ነው ልጄ። መቶ ሃምሳውን የጨመርኩላት ለዚህ ነው።"

ጋሼ ይልማ መነጽራቸውን አወለቁ። በመሐረብ ጠረጉት። ጠረጉት... ጠረጉት... ያን ያህል የቆሸሸ መነጽር አልነበረም። እኔም ጥግ የቆመው አሳላፊ የለበሰውን ሸሚዝ ድንገት መመርመር አማረኝ። ሁለት ዓመት አንድ ቤት ኖረን፣ እኔስ መቼ ጠይቄያቸው አውቃለሁ?

ጋሼ ይልማ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ወጥ ቤቱ ጮኹ። "በርበሬውን አምጡልኝ! ከነባልዲው! ... እትዬ፣ እስቲ ይተምኑልኝ።"

የወጥ ቤቷ ሴት ትልቅ የፕላስቲክ ባልዲ አመጣች። እትዬ ውድነሽ አሸተቱ። መዳፋቸው ላይ ቆንጥረው አሹት። ምላሳቸው ጫፍ ላይ አሳረፉት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሼ ይልማ የምርመራ ውጤት እንደሚጠብቅ በሽተኛ ይቁለጨለጫሉ።

"በርበሬው መልካም ነበር" አሉ እትዬ ውድነሽ።

"ነበር?"

"ሻጮችህ ሚዛን እንዲያነሳ ጨው አብዝተውበታል። ከአምስቱ ኪሎ አንዱ ጨው ነው። ጨው በበርበሬ ዋጋ ትገዛለህ።"

"ጨው?!" ያለችው የወጥ ቤቷ ሴት ናት። ወገቧን ያዘች። "ጋሼ! ስንት ወር ሙሉ 'ወጡን ጨው አበዛሽው፣ ደንበኛ አባረርሽብኝ' ሲሉኝ የከረሙት! በማርያም ይዤዎታለሁ፣ አንድ ቁንጥር ጨምሬ አላውቅም!"

ጋሼ ይልማ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ብድግ አሉ። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቋት። እናንተ፣ ጋሼ ይልማ ይቅርታ ሲጠይቁ አይቻለሁ! ይሄን ለልጅ ልጆቼ አወራዋለሁ። ከዚያ ወደ አማቴ ዞሩ።

"እትዬ፣ ከአሁን ወዲያ በርበሬ ሲመጣ እርስዎ ሳያዩት በደጄ አይገባም። ሻዩም... እኔው ራሴ አጠገብዎ ተቀምጬ አብረን ነው የምንጠጣው።"

"አሁን ሰው መሰልክ" አሉ እትዬ ውድነሽና እስክሪብቷቸውን አወጡ። "አራት መቶ።"

"አራት መቶ?" ጋሼ ይልማ የነጋዴ ደማቸው ሞቀ። "አዳራሹስ? ለሰማንያ ሰው! አምስት መቶ!"

"አራት መቶ ሃያ።"

"እትዬ፣ አልከስርም እንዴ? አራት መቶ ሰማንያ!"

እትዬ ውድነሽ ደብተራቸውን ጥቅልል አድርገው ተነሱ። ወደ በሩ ሄዱ። አንድ እርምጃ... ሁለት...

"ኧረ ይምጡ እናቴ!" አሉ ጋሼ ይልማ እጃቸውን ዘርግተው።

እኔ ከአማቴ ጀርባ ስለነበርኩ ፊታቸውን አላየሁም። ትከሻቸውን ግን አየሁት። በአንድ ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት ሆነ።

በአራት መቶ ሃምሳ ተቋጨ። "እኩል ነው፤ ከዘነበች አላበላልጥህም፣ እሷም ሰው ናት" አሉ። ጋሼ ይልማ ቅር ሲላቸው ጊዜ ደግሞ "ምርቃት አለው" ብለው ጨመሩ። መርካቶ ዕቃ የገዛችሁ ታውቃላችሁ፤ ምርቃት ማለት ከሚዛኑ በላይ ጣል የምትደረገው ጭማሪ ናት። እትዬ ውድነሽ ግን እጃቸውን ዘርግተው የእውነት መረቁ። "ገበያህ ይድራ፣ ጓዳህ ይሙላ፣ ከጎረቤት ያስማማህ..." ጋሼ ይልማ አንገታቸውን ደፍተው "አሜን! አሜን!" አሉ፤ ሦስተኛዋ ላይ ብቻ ድምፃቸው ትንሽ ቀነሰ።

ሳይደግስ አይጣላም እንደሚባለው እሑድ አዳራሹ ሞላ። ልጄ አርባ ቀኑን ሳያዛንፍ ክርስትና ተነሳ። ዘነበች ከጋሼ ይልማ ጋር አንድ ገበታ ቀረበች። ወጡም፣ እውነት ለመናገር፣ በዚያ ቤት እንደዚያ ጣፍጦ አያውቅም። ብቻ ወሬው ቀድሞ ተዳርሶ ኖሮ ከእንግዳው ግማሹ ሕፃኑን ትቶ አማቴ ፊት ተሰለፈ። "እትዬ፣ እኔስ?" "እትዬ፣ እኔንም ይተምኑኝ!" አንዱ የባልድዊን ሂልስ ሰውዬ ሁለት መቶ ተብሎ ሚስቱ "በዛ!" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ማክሰኞ ዕለት እትዬ ውድነሽ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የታረመውን ደብተር አመጡልኝ። መምህሯ በቀይ ቀለም ትልቅ ልብ ሥላ ከሥሩ ጽፋበታለች።

"አንብብልኝ።"

"'ውድነሽ፣ አይ ቫልዩ ዩ!' ይላል እትዬ።"

"ቫልዩን አውቃታለሁ። ስንት አለች?"

"ቁጥር... አልጻፈችም።"

"ገልብጠው እስቲ።"

ገለበጥኩት። ባዶ ነው። "እትዬ፣ ይሄ እኮ ያለ ቁጥር የሚባል ነው። ከልብ ነው" አልኩ።

እትዬ ውድነሽ ደብተሩን ከእጄ ወስደው ቀዩን ልብ ትንሽ አዩት፤ አዘኑላት መሰለኝ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አስተማሪ ናት፤ ደሞዟ ትንሽ ይሆናል። ዋጋ መጥራት ፈርታ ነው" አሉኝ። "በል ጻፍላት... ቅናሽ አለ በላት።"